የእንግሊዝኛን የምክንያት፣ የውጤትና የመጠቆሚያ ቃላት ስለ መጠቀም
ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ተማሪዎችና ጸሐፍያን

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ተወልዶ፣ ፊደል ቈጥሮ፣ ንባቡን አቅንቶ፣ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ቋንቋ እንዲቀበል የተደረገ ወጣት፣ የቃላቱን ፍቺ ከመዝገበ ቃላት እየለቀመ ቢያጠናም፣ ጽሑፉን ለመምህሩ ባቀረበ ጊዜ ዐረፍተ ነገሮቹ ወይ ተበትነው ወይ ያለ ልክ ተቋጥረው የሚገኙበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም ምክንያትንና ውጤትን የሚያስተሳስሩት፣ ቀድሞ የተነገረውንም ነገር የሚጠቁሙት ጥቃቅን ቃላት እንደ አማርኛው ሥርዓት በእንግሊዝኛው ውስጥ ስለሚገቡ ነው።

እንግሊዝኛ የተጻፈበት ወረቀት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የዘሩ ሐረግ ከመንዙ ከነጋሢ ክርስቶስ የሚመዘዘው የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ፣ ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከሻምበል ኮርንዋሊስ ሃሪስ ጋራ የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋሉት እ.ኤ.አ. በ1841 ነበር። ዛሬ ግን ነገሩ የንጉሥና የመልእክተኛ ብቻ መሆኑ ቀርቶ፣ ከመሐል ሜዳ የነፃ ትምህርት ዕድል የሚጠይቅ ተማሪ፣ ከሞላሌ የልደት ማስረጃውን አስተርጕሞ ወደ ኤምባሲ የሚሄድ መንገደኛ፣ ከዓለም ከተማ ለውጭ ግብረ ሠናይ ድርጅት ሪፖርት የሚያዘጋጅ ሠራተኛ፣ ሁሉም በዚያው በር ያልፋሉ። ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእነርሱ ነው። ምሳሌዎቹን በምሰጥበት ጊዜ ዐረፍተ ነገሩን በአማርኛ ቃላት፣ ማያያዣውን ብቻ በእንግሊዝኛ ድምፁ አኖራለሁ፤ ቃላቱንም እንግሊዝኛው በሚጠይቀው ተራ አሰልፋቸዋለሁ፤ አማርኛው ጆሮ ቢቈረቍር ሆን ተብሎ የተደረገ ነውና አንባቢ ይታገሠኝ።

ለምሳሌ የሚሆነን ጉዳይም ከደጃችን አለ፤ እርሱም የጓሳ ነገር ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተዘረጋው የመንዝ ጓሳ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን ሣር የሚሰጥ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም የሚኖርበት ምድር ሲሆን፣ ከ17ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ የቄሮ ሥርዓት በሚባል የአባቶች ደንብ እየተጠበቀ እንደ ኖረ ይነገራል። አስቦና ጌራ ከሚባሉት አባቶች በሚቈጠር አጽመ ርስት ላይ የቆመው ይህ ደንብ፣ ሣሩ ለዓመታት ሳይታጨድ፣ ከብትም ሳይገባበት እንዲቈይ ያደርግ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በታወጀ ጊዜ ግን የርስት መብት ፈረሰ፤ በርስቱ ላይ የተመሠረተውም ሥርዓት አብሮ ቀረ። በዚህ አጭር ታሪክ ውስጥ ምክንያትም ውጤትም ሕግም ስላለ፣ ለትምህርታችን ይበቃል።

የመጀመሪያው ሥራ ብዕር ከማንሣት በፊት የሚደረግ ነው፤ እርሱም ማሰሪያ አንቀጹን ለይቶ ማወቅ ነው። አማርኛ ምክንያቱን ከግሡ ጋራ አጣብቆ፣ «ዐዋጁ ስለ ወጣ ሥርዓቱ ቀረ» ብሎ በአንድ ማሰሪያ ይዘጋል፤ «ስለ ወጣ» የሚለው ግሥ ራሱን ችሎ መቆም አይችልም። እንግሊዝኛ ግን ግሡን አይነካውም፤ «ዐዋጁ ወጣ» የሚለውን እንደ ሙሉ ነገር ትቶ፣ ማያያዣውን ከፊቱ እንደ ዘበኛ ያቆመዋል። ስለዚህ ልትጽፉ ያሰባችሁትን ነገር አስቀድማችሁ በአማርኛ፣ እያንዳንዱ በአራት ነጥብ በተዘጋ ሁለት ዐረፍተ ነገር ጻፉት፤ «የርስት መብት ፈረሰ።» «የቄሮ ሥርዓት ቀረ።» ቀጥሎም በእያንዳንዱ ላይ «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሥርዓቱ ለምን ቀረ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሆነው ዐረፍተ ነገር ምክንያቱ ነው፤ ማያያዣውም የሚቆመው በእርሱ ፊት ነው። ይህን የምትዘሉ ከሆነ የሚቀጥለውን ሁሉ ማንበባችሁ አይጠቅማችሁም።

በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ካላችሁ ይህን ከእናንተ ይልቅ ፈጥኖ ይረዳዋል። የግእዝ ሰዋስው መምህራን እነዚህን ቃላት አገባብ ብለው ሰይመው፣ በግሥ ላይ እየወደቁ ግሡ ማሰሪያ እንዳይሆን የሚያስቀሩትን ዐቢይ አገባብ፣ በስም ላይ የሚወድቁትን ደግሞ ደቂቅ አገባብ እያሉ ለይተው ያስተምራሉና። እንግሊዝኛውም በዚሁ መንገድ ሊከፈል ይችላል። «ቢኮዝ» በግሥ ላይ እንደሚወድቀው እንደ እስመ ነው፤ ከኋላው ባለቤትና ግሥ ያለው ሙሉ ነገር ይሻል። «ቢኮዝ ኦቭ» ደግሞ በስም ላይ እንደሚወድቀው እንደ በእንተ ነው፤ ከኋላው ስም እንጂ የተዘጋ ግሥ አይቀበልም። እንግዲህ «ሥርዓቱ ቀረ ቢኮዝ ዐዋጁ ወጣ» ማለት ይገባል፤ «ሥርዓቱ ቀረ ቢኮዝ ኦቭ ዐዋጁ» ማለትም ይገባል፤ «ሥርዓቱ ቀረ ቢኮዝ ኦቭ ዐዋጁ ወጣ» ማለት ግን አይገባም። ይህ ስሕተት በተማሪዎቻችን ወረቀት ላይ እጅግ የበዛበት ምክንያት የታወቀ ነው፤ የአማርኛው «ስለ» አንዱ ፊደሉ ሳይለወጥ «ስለ ዐዋጁ» እና «ዐዋጁ ስለ ወጣ» እያለ ሁለቱንም አገልግሎት ስለሚፈጽም፣ እንግሊዝኛው ሁለት ዕቃ እንደሚያስፈልገው አይታሰበንም።

ሁለተኛው ሥራ የምክንያት ቃላቱን እርስ በርሳቸው መለየት ነው። «ቢኮዝ» አንባቢው ገና የማያውቀውን ምክንያት ለመንገር ነው፤ ክብደቱ በምክንያቱ ላይ ነው። «ሲንስ» እና «አዝ» አንባቢው አስቀድሞ የሚያውቀውን ምክንያት እንደ መንደርደሪያ አስቀምጦ ወደ ዋናው ነገር ለመሻገር ስለሚያገለግሉ፣ አዘውትረው ከዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ይቀመጣሉ። ሁለቱም ግን ጊዜንም ያመለክታሉና ተጠንቀቁባቸው፤ «ሲንስ መሬቱ የሕዝብ ሆነ» ብትሉ፣ አንባቢው «የሕዝብ ስለ ሆነ» ነው ወይስ «የሕዝብ ከሆነ ጀምሮ» እያለ ይወላውላል። ጊዜና ምክንያት ሊምታታ በሚችልበት ስፍራ ሁሉ ያለ ማመንታት «ቢኮዝ» በሉ፤ ተራ ቃል ነው ብሎ የሚያፍርበት ሰው ካለ፣ ማፈር የሚገባው ባልገባው ቃል በመጠቀሙ ነው።

«ፎር» የሚባለውን ማያያዣ ግን ልዩ ክብር እሰጠዋለሁ። እርሱ ከምክንያት ቃላት ሁሉ ይልቅ ለእኛ ቅርብ ነው። ዳዊት የደገመ ሰው በ135ኛው መዝሙር በየሐረጉ የሚመላለሰውን እስመ ያውቀዋል፤ በዚያ ስፍራ ዋናው ቃል ይቀድማል፣ ምክንያቱ በእስመ ተመርቶ ይከተላል። መምህራኑም በአማርኛ ሲተረጕሙት በግሡ መጨረሻ ላይ «ና» ጨምረው «ነውና»፣ «አለና» ይሉታል። የእንግሊዝኛው «ፎር» ሥራው ይኸው ነው፤ «ሽማግሎቹ ጓሳውን ዘጉ፣ ፎር ሣሩ ገና አልደረሰም ነበር።» ሁለት ሕግ ብቻ አስቡ፤ ከፊቱ ነጠላ ሰረዝ ይቀድመዋል፤ እርሱም ከዐረፍተ ነገር መጀመሪያ አይቀመጥም። የመጽሐፍ ጠባይ ያለው ቃል ስለሆነ ለድርሰት እንጂ ለሥራ ደብዳቤ አይመረጥም። «ዱ ቱ» እና «ኦዊንግ ቱ» ሁለቱም እንደ «ቢኮዝ ኦቭ» በስም ላይ ይወድቃሉ፤ ጠንቃቆቹ መምህራን የመጀመሪያውን «ነው» ወይም «ነበር» ከሚለው ግሥ በኋላ ብቻ፣ ሁለተኛውን ግን በማናቸውም ስፍራ እንድትጠቀሙ ይመክራሉ።

ሦስተኛው ሥራ መቀነስ ነው። አማርኛ በማያያዣ ለጋስ ነው፤ «ምንም እንኳ ድሃ ቢሆንም ነገር ግን ለጋስ ነው» ብንል፣ «ምክንያቱም ዐዋጁ ስለ ወጣ ነው» ብለን በአንድ ምክንያት ላይ ሁለት ሦስት ቋጠሮ ብናስር፣ የሚወቅሰን የለም፤ እንዲያውም ንግግሩ ይከብድልናል። እንግሊዝኛ ግን ለሁለት ነገር አንድ ቋጠሮ ብቻ ይፈቅዳል። በ«ቢኮዝ» ወይም በ«ሲንስ» የጀመራችሁትን በመካከል «ሶ» ወይም «ዜርፎር» ብላችሁ ዳግመኛ አትሰሩት፤ በ«ኦልዞው» የጀመራችሁትንም በ«በት» አትቀበሉት። እንደዚሁም በአማርኛ «ምክንያቱም» ብሎ አዲስ ዐረፍተ ነገር መጀመር የተለመደ በመሆኑ፣ ዋናውን ነገር በአራት ነጥብ ዘግተው «ቢኮዝ ዐዋጁ ወጣ» የሚለውን ብቻውን የሚያቆሙ ብዙዎች ናቸው፤ ይህ በእንግሊዝኛ ጐደሎ ዐረፍተ ነገር ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አራት ነጥቡን አንሡና ሁለቱን አገናኟቸው። ጽሑፋችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ ማያያዣዎቹን ሁሉ በእርሳስ ክበቡ፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ስለ አንድ ምክንያት ሁለት ክብ ካገኛችሁ አንዱን ሰርዙ።

ወደ ውጤት ቃላት ስንሻገር ሥርዓተ ነጥቡ አብሮ ይለወጣል። «ዜርፎር»፣ «ኮንሲክወንትሊ»፣ «ዛስ»፣ «ሄንስ»፣ «አኮርዲንግሊ» ትርጕማቸው ያያይዛል እንጂ ራሳቸው ሁለት ዐረፍተ ነገር የማሰር ሥልጣን የላቸውም፤ ስለዚህ ከፊታቸው አራት ነጥብ ወይም ድርብ ሰረዝ ያስፈልጋል፤ ነጠላ ሰረዝ አይበቃም። «የርስት መብት ፈረሰ፤ ኮንሲክወንትሊ፣ የቄሮ ሥርዓት ቀረ» ብላችሁ ጻፉ። «ሶ» ብቻ ነጠላ ሰረዝ ይበቃዋል፤ ነገር ግን የቃል ንግግር ጠባይ ስላለው ለማመልከቻ አይስማማም።

በትርጕም ረገድ ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት በ«ዜርፎር» እና በ«ኮንሲክወንትሊ» መካከል ያለው ነው። የኋለኛው በዓለም ላይ የሆነውን ይነግራል፤ አንዱ ነገር ሌላውን አመጣው ይላል። የፊተኛው ደግሞ በጸሐፊው ልብ የሆነውን ጭምር ይነግራል፤ «ይህን ካየሁ ዘንድ ይህን እደመድማለሁ» ይላል። ለማመልከቻ መደምደሚያ፣ እኛ «ስለዚህ አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» በምንልበት ስፍራ፣ የሚገባው «ዜርፎር» ነው፤ ልመናው ከተባለው ነገር የተደመደመ እንጂ በራሱ የመጣ ውጤት አይደለምና። «አኮርዲንግሊ» አንድ ውሳኔ ወይም ትእዛዝ ከተሰጠ በኋላ በዚያው መሠረት የተሠራውን ለመናገር ነው፤ «ስብሰባው ጓሳው ይዘጋ ብሎ ወሰነ፤ አኮርዲንግሊ፣ ጠባቂዎች ተመደቡ።» «ዛስ» «እንዲህ አድርጎ» የሚል ፍቺ ጭምር አለው። «ሄንስ» ግን አጭርና ደረቅ ቃል ሆኖ ሳለ፣ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ጸሐፍያን የየአንቀጹ መክፈቻ አድርገውት፣ ከምን እንደሚከተል የማይታወቅ ውጤት ሲያበስሩበት ይገኛሉ። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ ካየሁት፣ ጸሐፊው ስለ ነገሩ ሳይሆን ስለ መልኩ አስቧል ብዬ እጠረጥራለሁ።

የውጤት ቃል ከመጻፋችሁ በፊት ግን መከተልንና መምጣትን ለዩ። የቄሮ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. ቀረ፤ በ1977 ዓ.ም. አገሪቱን ድርቅ መታት። እነዚህን ሁለት እውነቶች በ«ኮንሲክወንትሊ» ብታስሯቸው፣ ሁለቱም እውነት ሆነው ሳለ ዐረፍተ ነገራችሁ ሐሰት ይሆናል፤ አንባቢው የሣሩ ደንብ ስለ ቀረ ሰማዩ ተዘጋ ብላችኋል ይላችኋልና። በዚህ ስፍራ የሚያስፈልገው «ከዚያ በኋላ» የሚል የጊዜ ቃል ብቻ ነው። «ከዚህ የተነሣ» የሚለውን አማርኛ ያለ ሒሳብ የለመደ ሰው በእንግሊዝኛውም ይህን ስሕተት መድገሙ አይቀርም።

አሁን ወደ ደብዳቤና ወደ ማስረጃ እንሂድ፤ በዚህ ስፍራ መጠቆሚያ ቃላት ይነግሣሉ። የአገራችን የቢሮ ደብዳቤ «ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደ ተሞከረው» ብሎ ይጀምራል። ይህን ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ የሚያሻግሩ ሰዎች፣ ለማያውቃቸው የውጭ አገር ሹም «ለመግለጽ ሞክረን ነበር» የሚል መልእክት ይልካሉ፤ እርሱም ሙከራው ያልተሳካበትን ምክንያት መጠየቁ አይቀርም። ይህን ሐረግ ፈጽማችሁ ተዉት። በእርሱ ፈንታ «ዊዝ ሪፈረንስ ቱ» ብላችሁ፣ ወዲያው አንባቢው ፈልጎ ሊያገኘው የሚችለውን ነገር ስም ጥቀሱ፤ የደብዳቤውን ቍጥርና ቀን። ቀኑንም ስትጽፉ የወሩን ስም በፊደል ጻፉት እንጂ 12/03/2017 ብላችሁ አትተዉት፤ እኛ ኅዳር 12 ቀን የምንለውን፣ እንግሊዛዊ ማርች 12፣ አሜሪካዊ ዲሴምበር 3 ብሎ ያነበዋል፤ በእነርሱ ዘመን አቈጣጠር ግን ቀኑ ኖቬምበር 21 ቀን 2024 ነበር።

«መሠረት» እና «እንደ» የሚሉት አማርኛዎች ሁለት የእንግሊዝኛ ሐረጎችን ይሸፍናሉ። የሰውን ቃል ወይም የመጽሐፍን ምስክርነት ስትጠቅሱ «አኮርዲንግ ቱ» በሉ፤ «አኮርዲንግ ቱ ሽማግሎች፣ ጓሳው ይዘጋ ነበር።» ለሕግ ወይም ለደንብ ታዝዛችሁ የሠራችሁትን ስትናገሩ «ኢን አኮርዳንስ ዊዝ» በሉ። «ፐርሱዋንት ቱ» ከዚህ የከበደ የሕግ ሰዎች ቃል ነው፤ የአንቀጽ ቍጥር ከሌላችሁ አትንኩት።

«ሂርባይ» ከሁሉ ይልቅ ያለ ስፍራው የሚውል ቃል ነው። ትርጕሙ «በዚሁ ጽሑፍ» ማለት ስለሆነ፣ የሚስማማው ወረቀቱ ራሱ ሥራውን ለሚፈጽመው ግሥ ብቻ ነው፤ «ሂርባይ እናረጋግጣለን»፣ «ሂርባይ ወክዬአለሁ»፣ «ሂርባይ ታውጇል»። የውክልናና የልደት ማስረጃ የሚያስተረጕም ሰው ቃሉ በዚህ ስፍራ መኖሩን ይመርምር። «ሂርባይ ተማሪ ነኝ» ማለት ግን ወረቀቱ ተማሪ አደረገኝ እንደ ማለት ነው። «ሂርዊዝ» አብሮ የተያያዘውን ወረቀት ለማመልከት ያገለግላል፤ «ዘ ሰይድ» እና «አፎርሜንሽንድ» የተጠቀሰውን ለመመለስ ያገለግላሉ፤ ነገር ግን ቀድሞ የተጠቀሰው ነገር አንድ ብቻ መሆኑን ሳታረጋግጡ አትጠቀሙባቸው። «ዘ ፎርመር» እና «ዘ ላተር» ለሁለት ነገር ብቻ ናቸው። ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆን «ሪስፔክቲቭሊ» ይገባል፤ «የመንዝ ጌራ ምድር፣ የመንዝ ማማ ምድር፣ የግሼና የመርሐቤቴ ከተሞች መሐል ሜዳ፣ ሞላሌ፣ ራቤልና ዓለም ከተማ ናቸው፣ ሪስፔክቲቭሊ።» የስሞቹ ቍጥር ከሁለቱም ወገን እኩል መሆኑን፣ ተራቸውም መጠበቁን ቍጠሩ።

ይህን ሁሉ ለመለማመድ ከነጋሪት ጋዜጣ የሚሻል መጽሐፍ አላውቅም። በ1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 1 ከተቋቋመበት ጊዜ ጀምሮ፣ በ1987 ዓ.ም. በዐዋጅ ቍጥር 3 የተተካው ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣም ጭምር፣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጐን ለጐን በዐምድ እያሰለፈ ይወጣል። የአንድ ዐዋጅ መግቢያ አውጡና ተመልከቱ። በአማርኛው ዐምድ እያንዳንዱ አንቀጽ «በመሆኑ»፣ «በማስፈለጉ» እያለ በምክንያት ግሥ ያልቃል፤ ማሰሪያው ሁሉንም ጠብቆ ከታች፣ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 55 ንኡስ አንቀጽ 1 ጠቅሶ፣ «የሚከተለው ታውጇል» ይላል። በእንግሊዝኛው ዐምድ ግን ያው ምክንያት ከየአንቀጹ ራስ ላይ በ«ዌርአዝ» ይጀምራል፤ ውጤቱ በ«ናው ዜርፎር» ይታወጃል፤ ሕጉ በ«ኢን አኮርዳንስ ዊዝ» ይጠቀሳል፤ ሥራው በ«ሂርባይ» ይፈጸማል። ምክንያት፣ ውጤትና መጠቆሚያ፣ ሦስቱም በአንድ ገጽ።

ልምምዱ እንዲህ ነው። የእንግሊዝኛውን ዐምድ በወረቀት ሸፍናችሁ አማርኛውን ብቻ አንብቡ፤ የምክንያት ግሦቹን አስምሩ፤ ማሰሪያውን ክበቡ፤ እያንዳንዱን ምክንያት ራሱን ወደ ቻለ ዐረፍተ ነገር ፍቱት፤ ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛችሁን ጽፋችሁ ሽፋኑን አንሡና አስተያዩ። የመግቢያውን ቅርጽ ተማሩበት እንጂ «ዌርአዝ» የሚለውን ቃል ወደ ድርሰታችሁ አትውሰዱት፤ በድርሰት ውስጥ ቃሉ «ሲሆን፣ ያኛው ግን» የሚል የማነጻጸሪያ ፍቺ ይይዛል። የ1952 ዓ.ም.ን የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ለዚህ ልምምድ አትምረጡ፤ ረቂቁን ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት በመሆኑ፣ አማርኛውም እንግሊዝኛውም ትርጕም ነው፤ አንዱ ለሌላው ሚዛን ሊሆን አይችልም። ሁለቱ ዐምዶች የማይስማሙበት ስፍራ ብታገኙም አትደንግጡ፤ የ1987ቱ ዐዋጅ አለመስማማት በተገኘ ጊዜ የአማርኛው ቃል የበላይነት እንዲኖረው ደንግጓልና፣ የእንግሊዝኛውን ማያያዣ አርማችሁ በኅዳጉ ላይ ጻፉት።